ነፃ ሰው እያለ ኳሱ ለምን ይስታል?

«ነፃ ነው! አቀብለው እንጂ! ኧረ አይታየውም እንዴ?»

ይህ ጩኸት ለኳስ ተመልካች ሁሉ እንግዳ አይደለም። በስታዲየም ደረጃ ላይም ሆነ በሰፈር ሜዳ ዳር፣ ብቻውን የቆመ ተጫዋች እያለ ኳሱ ሌላ ቦታ ሲሄድ የተመልካቹ ቁጣ አይጣል ነው። ለመሆኑ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ያየውን ሰው ኳሱን የያዘው ተጫዋች እንዴት ሳያየው ይቀራል? አይቶትስ ከሆነ እንዴት ይስተዋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ፊዚክስ ከሁሉ የተመቸ ሆኖ የሚያገኘው ጨዋታ የእኛው እግር ኳስ ሳይሆን የአሜሪካ ፉትቦል ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለትምህርት አሜሪካ በነበረበት ወቅት ከቤተ ሙከራ ባልደረባው ጋር አንድ የተማሪዎች ግጥሚያ ለማየት ገብቶ ነበር። አንድ ወጣት ተጫዋች ከፊቱ ሰላሳ ሜትር ገደማ ርቆ ብቻውን ወደሚሮጥ ጓደኛው ኳስ ወረወረ፤ ኳሱም ብዙ ወደ ኋላ ቀርቶ ሣር ላይ ወደቀ። ስታዲየሙ በጩኸት ተናወጠ፤ አቅራቢውም አብሮ ጮኸ። በወጣትነቱ ይህን ጨዋታ ይጫወት የነበረው ባልደረባው ግን ዞር ብሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «ለመሆኑ ስንት ሰከንድ ነበረው?» ጥያቄው የፊዚክስ ተማሪን የሚያሳፍር ነበር፤ ስሌቱን ሳይሠሩ ፈርደዋልና።

ጨዋታውና ማታለያው

የአሜሪካ ፉትቦል በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች የሚሰለፉበት ሲሆን፣ ከግብ መስመር እስከ ግብ መስመር ያለው ርቀት 91.44 ሜትር ነው። ኳሱ ክብ አይደለም፤ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ 400 ግራም ያህል የሚመዝን ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1906 ድረስ ኳሱን በእጅ ወደ ፊት መወርወር ሕገ ወጥ ነበር። ዛሬ በአንድ የጨዋታ ቅጽበት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ከመነሻው መስመር ኋላ ተሁኖ፣ ወደ ፊት መወርወር ይፈቀዳል። ወደ ጎንና ወደ ኋላ ግን የፈለጉትን ያህል ማቀበል ይቻላል።

የመወርወር ሥራ በመደበኛነት የኳርተርባኩ ነው። የማታለያ ጨዋታ የሚወለደውም ከዚህ ላይ ነው። ኳርተርባኩ ኳሱን ወደ ኋላ ለሌላ ተጫዋች ያቀብላል፤ ተከላካዮች «ሊሮጥ ነው» ብለው ወደዚያ ሲጎርፉ ያ ተጫዋች ድንገት ቆም ብሎ ራሱ ኳርተርባክ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ከተከላካዮች ጀርባ አንድ ተቀባይ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ይቀራል። ከሩቅ ለሚያየው ሥራው ያለቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ኳሱ የሚወረወረው ወደ ሰው አይደለም

ለስሌታችን እንዲመች የአየርን መቋቋም ለጊዜው እንተወውና ኳሱ የሚወረወርበትና የሚያዝበት ከፍታ እኩል ነው እንበል። ወርዋሪው ኳሱን በሰከንድ 22 ሜትር ይለቀዋል። ተቀባዩ ከወርዋሪው 24 ሜትር ርቆ፣ በሰከንድ 8 ሜትር ፍጥነት በቀጥታ ወደ ፊት እየሮጠ ነው። ኳሱ በ28 ዲግሪ ሽቅብ ቢወረወር 2.1 ሰከንድ ያህል አየር ላይ ቆይቶ 41 ሜትር ላይ ይወርዳል። ተቀባዩም በዚያው ጊዜ 17 ሜትር ገደማ ሮጦ 41 ሜትር ላይ ይደርሳል። ተገናኙ ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ኳሱ ከእጅ በሚወጣበት ቅጽበት 41ኛው ሜትር ላይ ማንም የለም። ወርዋሪው የሚያልመው ሰውን ሳይሆን ባዶ ሣርን ነው። የሚያየውን ሰው ዒላማ ካደረገ ኳሱ 17 ሜትር ወደ ኋላ መቅረቱ አይቀሬ ነው።

ሩብ ሰከንድ

ወርዋሪው ጥቂት ቢያመነታስ? ተቀባዩ በየሰከንዱ 8 ሜትር እየራቀ ነው። ስሌቱ እንደሚያሳየው በሰከንድ 22 ሜትር የሚወረውር ክንድ በየትኛውም ማዕዘን ቢሞክር ሊደርስበት የሚችለው ተቀባዩ በውርወራው ቅጽበት ከ25.9 ሜትር ያልራቀ ከሆነ ብቻ ነው። ከ24 ሜትር ተነሥቶ 25.9 ሜትር ለመድረስ ተቀባዩ የሚፈጅበት ጊዜ ደግሞ 0.23 ሰከንድ ያህል ነው። ከሩብ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ማለት ነው! ከዚያ በኋላ ያ «ነፃ» ተቀባይ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ዓይነት ነው፤ ይታያል እንጂ አይደረስበትም።

የሰው ልጅ አንድን ነገር አይቶ እጁን ለማንቀሳቀስ የሚፈጅበት ጊዜ 0.2 ሰከንድ ገደማ መሆኑን ስናስታውስ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። «አሁን ነፃ ሆነ» ብሎ ካየ በኋላ ክንዱን የሚያነሣ ሰው ዕድሉን በማየት ብቻ ጨርሶታል። የሠለጠነ ኳርተርባክ ተቀባዩ ነፃ ሳይሆን፣ ነፃ ሊሆን ሲል የሚወረውረው ለዚህ ነው።

አሁን በዚያው ቦታ በሰከንድ 26 ሜትር የሚወረውር መደበኛ ኳርተርባክ ብናቆም ወሰኑ ከ25.9 ወደ 40.8 ሜትር ይሸሻል፤ የማሰቢያ ጊዜውም ከሩብ ሰከንድ ወደ ሁለት ሰከንድ ገደማ ያድጋል። በእርግጥ አየሩ ለሁለቱም ርቀቱን ያሳጥረዋል፤ የልዩነቱ ምሥጢር ግን አይለወጥም። በፍጥነት ላይ የተጨመሩት 4 ሜትሮች የገዙት ርቀትን ብቻ ሳይሆን ጊዜንም ነው።

ይቅር ባይ ማዕዘን፣ ይቅር የማይል ፍጥነት

ከዚህ ስሌት ሌላ ያልተጠበቀ ውጤት ይገኛል። ወርዋሪው ኳሱን በአንድ ዲግሪ ከፍ አድርጎ ቢስት ኳሱ አንድ ሜትር ያህል አልፎ ይወርዳል። ነገር ግን አየር ላይ ስለሚቆይ ተቀባዩም ግማሽ ሜትር ተጨማሪ ይሮጣል፤ ስለዚህ የሚቀረው ስሕተት ከግማሽ ሜትር በታች ነው፤ ክንድ ዘርግቶ መያዝ ይቻላል። ወደ ጎን የተደረገ የአንድ ዲግሪ ስሕተትም 41 ሜትር ላይ 0.7 ሜትር ብቻ ነው።

የፍጥነት ስሕተት ግን ሌላ ነው። ርቀቱ ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ በፍጥነት ላይ የተሠራ የ5 በመቶ ስሕተት በርቀት ላይ 10 በመቶ ይሆናል፤ ማለትም ከ4 ሜትር በላይ። የተቀባዩ ተጨማሪ ሩጫ ተቀንሶለት እንኳ ከ3 ሜትር በላይ ክፍተት ይቀራል። በየቀኑ መቶ ጊዜ የሚወረውር ክንድ ይህን ልኬት በጡንቻው ያውቀዋል። በወር አንዴ የሚወረውር ክንድ ከየት ያምጣው?

ሮጦ የሚወረውር ሰው

የማታለያው ወርዋሪ ብዙ ጊዜ ወደ ጎን እየሮጠ ነው የሚወረውረው። ጋሊሌዮ እንዳስተማረን ከሚንቀሳቀስ አካል የሚለቀቅ ነገር የዚያን አካል ፍጥነት ይዞ ይሄዳል። ወርዋሪው በሰከንድ 5 ሜትር ወደ ጎን ቢሮጥና ክንዱን ፊት ለፊት ወደ ዒላማው ቢያነጣጥር፣ ኳሱ በ2.1 ሰከንድ ውስጥ ከዒላማው 10 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይርቃል። ይህን ለማረም ከሩጫው አቅጣጫ በተቃራኒ ማነጣጠር፣ አለዚያም ቆም ብሎ እግርን መትከል ያስፈልጋል። መቆም ደግሞ ጊዜ ይበላል፤ ጊዜው ምን ያህል ውድ እንደሆነ ከላይ አይተናል።

ሽክርክሪቱም አለ። በሚገባ የተወረወረ ኳስ በረጅሙ ዛቢያው ላይ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል እየተሽከረከረ በሹል ጫፉ አየሩን ይሰነጥቃል። የሚወላገድ ኳስ ግን ጎኑን ለአየር ይሰጣል፤ ጎኑ ከጫፉ 1.6 ጊዜ ያህል የሚሰፋ በመሆኑ ፍጥነቱን ይነጠቃል። የሚሽከረከር ነገር አቅጣጫውን እንደሚጠብቅ እየታወቀ ኳሱ ቁልቁል ሲወርድ አፍንጫውን የሚደፋው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ የፊዚክስ ሊቃውንትን ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሪቻርድ ፕራይስ፣ ዊሊያም ሞስ እና ቲሞቲ ጌይ በአሜሪካን ጆርናል ኦፍ ፊዚክስ ላይ ቀለል ያለ መልስ አቅርበዋል፦ አየሩ ኳሱን ለመገልበጥ ሲገፋው፣ ሽክርክሪቱ ግፊቱን በበረራው መስመር ዙሪያ ወደሚደረግ ዝግ ያለ ዙረት ይለውጠዋል፤ ስለዚህም ዛቢያው መንገዱን እየተከተለ ይወርዳል።

ዓይን የማያየው

እስከ አሁን ወርዋሪው ተቀባዩን አይቶታል ብለን ነው የተነሣነው። ዓይናችን ግን ጥርት አድርጎ የሚያየው ክንዳችንን ብንዘረጋ አውራ ጣታችን የሚሸፍነውን ያህል ስፋት ብቻ ነው። ትኩረትም ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዳንኤል ሳይመንስ እና ክሪስቶፈር ቻብሪስ ባሳተሙት ጥናት፣ ተመልካቾች በፊልም ላይ የኳስ ቅብብል እንዲቆጥሩ ታዘዙ፤ በመካከሉ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ሲያልፍ ግማሽ ያህሉ አላዩትም። «እገሌን ፈልግና ወርውርለት» ተብሎ የታዘዘ፣ ከባድ ተከላካዮች የሚንደረደሩበት ወጣት በሌላው ጎን እጁን የሚያውለበልበውን ጓደኛውን ባያየው ሊያስደንቀን አይገባም። ተመልካቹ ከላይ ተቀምጧል፤ የሚመታው የለም፤ ሜዳውም እንደ ካርታ ተዘርግቶለታል።

ሁለት የማይረሱ ውርወራዎች

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2006 በዲትሮይት በተደረገው የሱፐር ቦውል ፍጻሜ፣ የፒትስበርግ ስቲለርሱ ተቀባይ አንትዋን ራንድል ኤል ኳሱን ተቀብሎ እየሮጠ ለሃይንስ ዋርድ ወረወረ፤ የ43 ያርድ፣ ማለትም 39 ሜትር ገደማ የሆነ ተችዳውን ተቆጠረ። ስቲለርስ ሲያትል ሲሃውክስን 21 ለ10 አሸነፈ። ሰውየው ግን ተራ ተቀባይ አልነበረም፤ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሳለ ኳርተርባክ ነበር። ክንዱ ልኬቱን ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 በሚኒያፖሊስ ደግሞ ሁለቱም ቡድኖች በዚያው ግጥሚያ ማታለያ ሞከሩ። የኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትሱ ዳኒ አሜንዶላ ለገዛ ኳርተርባኩ ለቶም ብራዲ ወረወረ፤ ኳሱ የብራዲን ጣቶች ጫፍ ነክቶ ወደቀ። ጥቂት ቆይቶ የፊላደልፊያ ኢግልሱ ትሬይ በርተን ከግቡ አጠገብ በአጭር ውርወራ ለኳርተርባኩ ለኒክ ፎልስ አቀበለ፤ ተችዳውንም ሆነ። ኢግልስ 41 ለ33 አሸነፈ። በአጭር ርቀት ኳሱ አየር ላይ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ስለሆነ ስሕተት ለማደግ ፋታ አያገኝም። በአንጻሩ የብራዲ ታሪክ የሚያስታውሰን ከውርወራው ሌላ መያዝም ልምድ እንደሚጠይቅ ነው።

ለአንባቢያን

ውድ አንባቢያን፣ ስሌቱን ራሳችሁ ሞክሩት። ተቀባዩ በሰከንድ 8 ሳይሆን 7 ሜትር ቢሮጥ የወርዋሪው የማሰቢያ ጊዜ ከ0.23 ወደ 0.65 ሰከንድ ገደማ እንደሚያድግ ታገኛላችሁ። ለካ ተቀባዩ ሩጫውን ጥቂት ቢያቀዘቅዝ ኖሮ ኳሱ ይደርሰው ነበር፤ ጩኸቱ ሁሉ ግን የወረደው በወርዋሪው ላይ ነው። ሰፊ ሜዳ ካገኛችሁም ሰዓት ይዛችሁ ለሚሮጥ ጓደኛችሁ ኳስ ወርውሩለት፤ ከአሥር ስንቱ እንደሚደርሰው ቁጠሩ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያን ዕለት ማታ ስሌቱን በወረቀት ጀርባ ላይ ሠርቶ በማግስቱ ለባልደረባው አሳየው። ባልደረባው ፈገግ ብሎ «ታዲያ ልጁን ይቅርታ ትጠይቀዋለህ?» አለው። የልጁን ስም እንኳ አያውቅም ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን «አይታየውም እንዴ?» የሚል ጩኸት በሰማ ቁጥር በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሰከንዱ ነው።