ተረትና እውነታ፦ ፎቶግራፍን የሚያበላሸው አይኤስኦ ነውን?

በካዛንቺስና በቂርቆስ፣ ሠርግም ሆነ ማኅሌት፣ የአዝማሪ ጨዋታም ሆነ ደመራ ሊያነሡ ካሜራ አንግተው በሌሊት ለሚወጡ ወጣቶች እንደ ሕግ የሚነገራቸው አንድ ትእዛዝ አለ፤ እርሱም «አይኤስኦ ከ800 ካለፈ ፎቶው ይበላሻል» የሚል ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ከስሕተቱ ይልቅ ጉዳቱ ነው፤ የካዛንቺስ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ እስክስታና ማሲንቆ የማይለየው የአዝማሪ ቤት ፈንድቃም አብሮ ፈርሷልና፣ በዚያ ደብዛዛ መብራት ሥር ይህን ትእዛዝ አክብሮ የጨፋሪውን ፊትና ትከሻ አደብዝዞ ያነሣ ሰው ዳግመኛ ሊያነሣው አይቻለውም።

እምነቱ ያለ ምክንያት አልተወለደም። በፊልም ዘመን የፊልሙ ፍጥነት፣ ማለት አይኤስኦው፣ ከፍ ባለ ቁጥር የብር ጨው ቅንጣቶቹ ይተልቁ፣ ሥዕሉም ይሻክር ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ዲጂታል ካሜራዎችም በጨለማ ደካሞች ነበሩ። ዲጂታል ካሜራ ላይ ግን አይኤስኦ ካሜራው የተቀበለውን ምልክት ያጎላል እንጂ የሚገባውን ብርሃን አይቀንስም። ኖይዝ የሚባለው ነቁጥ በአብዛኛው የብርሃን ማነስ ልጅ ነው፤ ብርሃን በቅንጣት ስለሚወርድ፣ ካፊያ በግቢ የተደረደሩ ጣሳዎችን እኩል እንደማይሞላ ሁሉ፣ ጥቂት ሲሆን ሥርጭቱ ይዛነፋል። 10,000 ቅንጣት በደረሳት ነጥብ ላይ መዛነፉ 100 ገደማ፣ ማለት ከመቶ 1 እጅ ሲሆን፣ 100 ብቻ በደረሳት ላይ ግን 10፣ ማለት ከመቶ 10 እጅ ይሆናል።

እንግዲህ በ800 አይኤስኦ 1/15 ሰከንድ የሚጠይቅ ጨለማ ውስጥ እስክስታን በ1/250 ለመግታት የሚሻ ሰው፣ የሌንሱ ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ከሆነ፣ ቁጥሩን 12,800 ማድረስ ግድ ይለዋል። ነቁጡ በእርግጥ ይበዛል፤ ነገር ግን ነቁጥ በኮምፒዩተር ይለዝባል፣ የተደበዘዘ ፊት ግን አይመለስም። በ800 አጨልሞ አንሥቶ ኋላ ማብራትም ኖይዙን አያስቀርም፣ በብዙ ካሜራዎች እንዲያውም ያባብሰዋል። ይህ በአንድ ምሽት ሙከራ የሚረጋገጥ ሲሆን፣ ሳይሞክሩ ለተማሪ ፍርሃትን የሚያወርሱ መምህራንን ልታገሣቸው አልችልም። ለሁሉ ካሜራ የሚሆን አንድ ወሰን ለመደንገግ ግን እኔም አልደፍርም፤ እያንዳንዱ የራሱን መሣሪያ ይመርምር።

ሌሎቹን ተረቶች በአጭሩ እንለፋቸው።

«አውቶፎከስ በጨለማ አይሠራም»፦ ካኖን እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ኢኦኤስ አር6 ብርሃን በደንብ በሚያስገባ ሌንስ ከሙሉ ጨረቃ ብርሃን ባነሰ ጨለማ እንኳ ፎከስ ያደርጋል። አውቶፎከስ የሚሻው የብርሃንና የጥላ ልዩነትን ነውና፣ በጥር 15 የቅዱስ ቂርቆስ ማኅሌት የፎከሱን ነጥብ በነጩ ሸማ መካከል ሳይሆን የጧፉ ብርሃን ከጥላው በሚለይበት ጠርዝ ላይ ማሳረፍ ነው።

«ያለ ፍላሽ አይሆንም»፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የፍላሹ ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በመስከረም 16 በመስቀል አደባባይ የቅርቡን ጀርባ ያነጣል እንጂ ደመራው ዘንድ አይደርስም።

«ሜጋፒክስል የበዛበት ካሜራ ለጨለማ አይረባም»፦ የሴንሰሩ ስፋትና ዘመን አንድ ሆኖ ፎቶዎቹ በእኩል መጠን ቢታተሙ ልዩነቱ ጥቂት ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ እንቅስቃሴውን የሚገታ ፍጥነት ይመረጥ፣ ቀጥሎ ሌንሱ ይከፈት፣ አይኤስኦም እነዚህን ይከተል፤ ፈርሶ የማይመለስ ሰፈርን የሚያነሣ ሰው በቁጥር ፍርሃት ምስክርነቱን ሊያጎድል አይገባውም።