25 ኪሎ ሜትር፦ በመድፍ የተለካ ርቀት

ኢትዮጵያና ኤርትራ ሰኔ 11 ቀን 1992 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ የተፈራረሙት የተኩስ አቁም ስምምነት፣ የኤርትራ ጦር የኢትዮጵያ ጦር ከሚመለስበት ስፍራ 25 ኪሎ ሜትር ርቆ እንዲቆም ያዛል። ለምን 25? መልሱ እዚያው ሰነዱ ውስጥ በቅንፍ ተጽፏል፦ መድፍ የሚደርስበት ርቀት ስለሆነ ነው።

የሁለቱ አገሮች የድንበር ጦርነት ምን ዓይነት እንደነበር ይህች ቅንፍ ትናገራለች። ከባድመ እስከ ቡሬ ሁለቱም ወገን ምሽግ ቆፍሮ ተፋጠጠ። ምሽግ ውስጥ ያደፈጠን ወታደር ጠመንጃ በቀላሉ አያገኘውም፤ መድፍ ግን ጥይቱን ወደ ሰማይ ልኮ ከላይ ያወርድበታል። ዲ-30 የሚባለው የሶቪየት መድፍ 15 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ኤም-46 ደግሞ 27 ኪሎ ሜትር ይመታል። ቢኤም-21 የሚባለው ሮኬት ማስወንጨፊያ በ20 ሴኮንድ 40 ሮኬት ይለቃል፤ ነጥሎ መምታት አይችልም፣ አካባቢውን በሙሉ ያነዳል እንጂ።

መድፈኛው ዒላማውን በዓይኑ አያይም። የሚያይለት ከእግረኛው ጋር ኮረብታ ላይ የተቀመጠ ተመልካች ነው። የመጀመሪያዋ ጥይት ስታርፍ በሬዲዮ «መቶ ሜትር ጨምር፣ ሃምሳ ወደ ቀኝ» ይላል፤ ሲስተካከል መድፎቹ ሁሉ አንድ ላይ ይተኩሳሉ። ያ ሰው ከተመታ መድፎቹ ዕውር ናቸው።

ከሁሉም የሚከብደው ተኩሱን የማንሻዋ ቅጽበት ናት። ድብደባው ሲቀጥል ተከላካዩ አንገቱን ይደፋል፤ አጥቂው እግረኛ በዚያ ፋታ ይጠጋል። ሲደርስ ግን ተኩሱ ከምሽጉ አልፎ ወደ ኋላ መዛወር አለበት። ቀድሞ ከተነሳ መትረየሱ ይነቃል፤ ከዘገየ የገዛ ወገንን ይፈጃል። በ1991 ዓ.ም. መጋቢት ጾሮና ላይ ኢትዮጵያ ታንክና እግረኛ አሰልፋ ምሽጉን ፊት ለፊት ለመስበር ሞክራ ነበር፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፣ ምሽጉም አልተሰበረም። በግንቦት 1992 ዓ.ም. ጦሯ በምዕራብ በኩል አይታለፍም የተባለውን ተራራ አቋርጦ ከጀርባ ሲመጣ፣ በምሽጉ ፊት ተለክተው የተጠመዱ መድፎች ጥቅማቸው እጅግ አነሰ። እኔ ከዚህ የምረዳው መድፍ ብቻውን ምሽግ እንደማይዝ ነው።

ያ 25 ኪሎ ሜትር ኤርትራ ውስጥ ተከልሎ፣ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ለዓመታት ጠበቁት። ክልሉ ባዶ ሜዳ አልነበረም፤ መንደርና እርሻ ነበረበት። ወደ ማሳው የተመለሰው ገበሬ ፈንጂና ያልፈነዳ ጥይት ጠበቀው።