ፈረሱ ይዘልላል፣ ፈረሰኛው ይማራል

ከመቶ ሃያና ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት በአውሮፓ የፈረሰኛ ጦር ትምህርት ቤቶች የተነሡ ፎቶግራፎችን የዛሬ ፈረሰኛ ሲያያቸው ይሰቀጥጠዋል። ፈረሱ አጥር እየዘለለ ነው። በላዩ ያለው መኮንን ግን ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ዛቡን በሁለት እጁ ወጥሮ ይታያል፤ ጀርባው የፈረሱን ዳሌ ሊነካ ጥቂት ይቀረዋል። የፈረሱ አፍ ተከፍቷል፣ አንገቱ ወደ ሰማይ ተሰቅሏል። ያኔ የጥሩ ፈረሰኛ መልክ ይህ ነበር። የሚሰጡት ምክንያትም ለጆሮ አይከብድም፦ የፈረስ የፊት እግር ቀጭን ነው፣ ከዝላይ በኋላ ያን ሁሉ ክብደት አይችልም፤ ስለዚህ ፈረሰኛው ወደ ኋላ ተደግፎና አፉን ወደ ላይ ስቦ በኋላ እግሮቹ እንዲያርፍ ይርዳው።

ፈረስ ግን ዘልሎ በኋላ እግሩ አያርፍም። በፊት እግሩ ነው የሚያርፈው፤ መጀመሪያ አንዱ፣ ወዲያው ሁለተኛው መሬት ይነካል፣ የኋላዎቹ ተከትለው ይመጣሉ። ልጓሙን የፈለገውን ያህል ቢስቡት ይህ አይለወጥም። የሚለወጠው አፉ መቁሰሉ፣ ጀርባው መመታቱና ቀስ በቀስ መሰናክል ባየ ቁጥር መሸሹ ነው።

ይህን ልብ ብሎ ያየው ፌዴሪኮ ካፕሪሊ የሚባል ጣሊያናዊ የፈረሰኛ መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 ሊቮርኖ ውስጥ ተወለደ፤ በፒኔሮሎ የፈረሰኛ ትምህርት ቤት ተማረ፣ በኋላም እዚያና ሮም አጠገብ ባለው በቶር ዲ ኩዊንቶ አስተማረ። ያደረገው ነገር ቀላል ነው። ፈረሶችን ያለ ኮርቻና ያለ ፈረሰኛ ለቀቃቸው፣ ሲዘልሉ ተመለከታቸው፣ በፎቶግራፍም አስነሣቸው። ማንም ሳይነካው የሚዘልል ፈረስ አንገቱን ወደ ፊትና ወደ ታች ይዘረጋል፣ ጀርባውን ያጎብጣል፣ የፊት እግሮቹን ወደ ደረቱ ያጥፋል። አንገቱን ሚዛን መጠበቂያ ያደርገዋል። ፈረሰኞቹ ለዘመናት ሲይዙት የኖሩት ደግሞ በትክክል ይህንን አንገት ነበር።

ካፕሪሊ የደረሰበት ድምዳሜ ለዘመኑ መኮንኖች አስደንጋጭ ነበር፦ ሰው ፈረስን መዝለል ማስተማር አይጠበቅበትም፣ አለመከልከልን ይማር። እርካቡን አሳጠረ፣ መቀመጫውን ከኮርቻው አነሣ፣ ደረቱን ወደ ፊት አዘነበለ፣ እጁ የፈረሱን አፍ እየተከተለ እንዲሄድ አደረገ። በ1902 ቱሪን በተካሄደው ዓለም አቀፍ ውድድር ሜሎፖ በተባለው ፈረሱ 2.08 ሜትር ዘለለ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ እየቀዘቀዘ መጣ። የብዙ አገር ጦር ሠራዊቶች መኮንኖቻቸውን ወደ ፒኔሮሎና ወደ ቶር ዲ ኩዊንቶ እየላኩ አዲሱን አቀማመጥ አስጠኑ። ካፕሪሊ ራሱ ብዙ አልጻፈም፣ ብዙም አልኖረም። በ1907 ዲሴምበር ወር ቱሪን ውስጥ ከፈረስ ወድቆ ሞተ፤ 39 ዓመቱ ነበር።

የጣሊያን ፈረሰኛ ሲነሣ እኛ ኢትዮጵያውያን ሌላ ነገር ማስታወሳችን አይቀርም። ከዚሁ የፈረሰኛ ትምህርት ከወጡት አንዱ፣ ለ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ የታጨው አሜዴዮ ጉዊሌት፣ ውድድሩን ትቶ የመጣው አገራችንን ከወረረው ጦር ጋር ለመዝመት ነው። ጥበቡ ጥበብ ነው፤ የተገለገሉበት ዓላማ ግን ሁልጊዜ የሚያኮራ አልነበረም።

አሁን ወደ ዝላዩ እንምጣ። ፈረሱ በደንገላሳ እየረገጠ ወደ መሰናክሉ ይቀርባል። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን አሳምሮ ያያል፤ በግንባሩ ፊት ለፊት፣ ከአፍንጫው በታች ያለውን ግን አያይም። በመጨረሻዋ ቅጽበት መሰናክሉ ከዓይኑ ይሰወራል፤ የሚዘልለው ከጥቂት እርምጃ በፊት ባየው ነው። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ራሱን ከፍ ዝቅ አድርጎ እንዲለካ መፍቀድ ያስፈልጋል። ፈረሰኛው ደንግጦ ልጓም ከሳበ ፈረሱ ማየት ባለበት ጊዜ ከአፉ ሕመም ጋር ይታገላል። ቀጥሎ አንገቱን ያሳጥራል፣ የኋላ እግሮቹን ከሆዱ ሥር ይሰበስባል፣ የፊት አካሉን ያነሣል፣ ከዚያ በኋላ እግሮቹ ገፍቶ ይነሣል። አንድ ሜትር ገደማ ለሆነ መሰናክል የሚነሣው ከ1.8 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው፣ የሚያርፈውም ከወዲያ በተቀራራቢ ርቀት። አየር ላይ ሆኖ አንገቱና ጀርባው ቅስት ይሠራሉ። በላዩ ያለው ሰው ክብደት ወደ ኋላ ከቀረ ይህ ቅስት ይሰበራል፤ የኋላ እግሩም አግዳሚውን እንጨት ይመታል።

በአዘቦት ግልቢያ ላይ ፈረሰኛው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ከጎን የሚያየው ሰው ጆሮውን፣ ትከሻውን፣ ዳሌውንና ተረከዙን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ያገኛቸዋል። ለዝላይ እርካቡ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ያጥራል፣ መቀመጫው ከኮርቻው ትንሽ ይነሣል፣ መስመሩም ይለወጣል፦ ትከሻው ከጉልበቱ በላይ፣ ጉልበቱ ከጣቶቹ በላይ ይውላል። ክብደቱ በባቱ በኩል ወደ ተረከዙ ይወርዳል። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና ዳሌ እንደ መኪና ባሌስትራ ናቸው፤ የመንገዱን ጉድጓድ ውጠው ተሳፋሪውን ያድኑታል። ከሦስቱ አንዱ ከደነዘዘ ንዝረቱ በቀጥታ ወደ ፈረሱ ጀርባ ይሄዳል።

ብዙ ጀማሪዎች አንድ ነገር ይሳሳታሉ፤ «ወደ ፊት ዘንበል በል» ሲባሉ የሚዘነበል ደረታቸው ብቻ ይመስላቸዋል። ዝንባሌው የሚጀምረው ከዳሌ ነው። ዳሌ ወደ ኋላ ሲታጠፍ ደረት በራሱ ወደ ፊት ይመጣል፣ ጀርባ ግን ሳይጎብጥ ይቀራል። ደረቱን ብቻ የወረወረ ሰው ሚዛኑ በጉልበቱ ላይ ይወድቃል፤ ጉልበቱ መዞሪያ ይሆንና ከጉልበት በታች ያለው እግሩ ወደ ኋላ ይወነጨፋል። ፈረሱ በዚያች ደቂቃ ቀጥ ብሎ ቢቆም ፈረሰኛው ብቻውን መሰናክሉን ይሻገራል። እንዲህ ያለው አወዳደቅ በየመለማመጃው ሜዳ የሚታይ ነው፤ ከዳር ሆኖ ለሚያይ ያስቃል፣ ለወደቀው ግን አያስቅም።

ሌላው ስሕተት ተቃራኒው ነው፦ ወደ ኋላ መቅረት። አንዲት ጀማሪ ልጅ ወደ 50 ሳንቲሜትር መስቀልያ፣ ማለትም ሁለት እንጨቶች በመስቀል ቅርጽ ወደ ተጋደሙበት መሰናክል፣ ስትሄድ አስቡ። ፈረሱ እርሷ ከጠበቀችው አንድ ርምጃ ቀድሞ ይነሣል። ሰውነቷ ይዘገያል፣ እጇ ሳታስበው ወደ ደረቷ ይመጣል፣ ልጓሙ የፈረሱን አፍ ይነጥቃል፣ መቀመጫዋ ጀርባው ላይ ዷ ብሎ ይወድቃል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው። አስተማሪው ይጮህባት ይሆናል፤ መድኃኒቱ ግን ጩኸት አይደለም። ወደ መሰናክሉ ሳትደርስ ጋማውን በአንድ እጇ ጭብጥ አድርጋ እንድትይዝ ማድረግ ነው። ጋማ መያዝ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ፈረሱ ጋማው ቢሳብ ብዙም አያመውም፤ አፉ ከተሳበ ግን አይረሳም። ኋላ ሚዛኗ ሲጸና ጋማውን ትታ ሁለት እጇን በአንገቱ ላይ ወደ ፊት ታንሸራትታለች። ከዚያም በላይ የደረሱት አንገቱን ሳይደገፉ፣ ዛቡ ሳይላላም ሳይወጠርም፣ እጃቸው የፈረሱን አፍ ተከትሎ እንዲሄድ ያደርጋሉ። ካፕሪሊ የፈለገው ይህን ነበር፤ ዛሬም በትልልቅ ውድድሮች ላይ እንኳ በሚገባ የሚሠራው ሰው ጥቂት ነው።

ዓይንም ቦታ አለው። መሰናክሉን የሚያይ ፈረሰኛ ራሱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ትከሻው ይከተለዋል፣ ፈረሱም ክብደቱ በፊት እግሩ ላይ ተጭኖ መነሣት ያቅተዋል። ያለ ፈረሰኛም ቢሆን ቆሞ ያለ ፈረስ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ነው። ስለዚህ ዓይን ከመሰናክሉ ማዶ፣ ቀጥሎ በሚሄዱበት ቦታ ላይ ይተከላል።

አቀማመጥ የሚሻሻለው ግን ከፍ ያለ መሰናክል በመዝለል አይደለም። ይህን የሚያምን ጀማሪ ጥቂት ነው። ሥራው የሚሠራው መሬት ላይ በተጋደሙ እንጨቶች ነው። በሶምሶማ የሚሄድ ፈረስ በየ1.3 ሜትር ገደማ የተጋደሙ አራት አምስት እንጨቶችን ሲረግጥ እግሩን ያነሣል፣ ጀርባው ይወዛወዛል፤ ፈረሰኛው ከኮርቻው ተነሥቶ፣ ልጓም ላይ ሳይንጠለጠል፣ ያን ውዝዋዜ በቁርጭምጭሚቱ ይውጠዋል። መጀመሪያ ለአንድ ዙር እንኳ መቆየት ጭን ያቃጥላል። ቀጥሎ እጅን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ ኋላም እግርን ከእርካብ አውጥቶ መለማመድ ይመጣል። አስተማሪው ፈረሱን በረጅም ገመድ ይዞ በክብ ሲያዞረው ተማሪው ልጓም መያዝ እንኳ አያስፈልገውም፤ ሚዛኑን ከራሱ አካል ብቻ ይፈልጋል። እርካብ ትቶ መጋለብን የሚወድ ተማሪ የለም፤ የሚያህለው ትምህርትም የለም።

ከዚህ በኋላ ተከታታይ ትንንሽ መሰናክሎች ይደረደራሉ። እዚህ ላይ ሒሳብ ይገባል። የደንገላሳ አንድ ርምጃ 3.6 ሜትር ያህል ነው። ፈረሱ ካረፈ በኋላ 1.8 ሜትር፣ ለአንድ ርምጃ 3.6፣ ለመነሻ ሌላ 1.8 ብንደምር በሁለት መሰናክሎች መካከል 7.2 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በውድድር ቀን ፈረሰኞች ገና ፈረስ ላይ ሳይወጡ ሜዳው ውስጥ ገብተው አንገታቸውን ደፍተው ሲራመዱ የሚታዩት ለዚህ ነው። 90 ሳንቲሜትር ገደማ የሚሆን እርምጃ መራመድን ተለማምደዋል፤ አራት የሰው እርምጃ አንድ የፈረስ ርምጃ ይሆናል። ስምንት ከቆጠሩ ፈረሱ በመካከል አንድ፣ አሥራ ሁለት ከቆጠሩ ሁለት ይረግጣል። አሥራ አራት ከሆነባቸው ሥራ መጣ፤ የፈረሱን ርምጃ ወይ ማስረዘም ወይ ማሳጠር አለባቸው።

የውድድሩ ሕግ ለተመልካች አያስቸግርም። አንድ እንጨት የጣለ አራት የቅጣት ነጥብ ይያዝበታል። ፈረሱ አንድ ጊዜ እምቢ ቢል እንዲሁ አራት ነው፤ በትልልቅ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ሁለተኛው እምቢታ ያሰናብታል፣ መውደቅም ያሰናብታል። በኦሊምፒክ መሰናክሎቹ እስከ 1.65 ሜትር ይደርሳሉ። ሴትና ወንድ እኩል፣ በአንድ ሜዳ ይወዳደራሉ፤ እንግሊዛዊቷ ፓት ስማይዝ በ1956 ስቶክሆልም ላይ ከቡድኗ ጋር ነሐስ አግኝታለች። የፈረስ የከፍታ ዝላይ ክብረ ወሰን ግን ከዚያም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1949 ቺሌ ውስጥ በቪኛ ዴል ማር ካፒቴን አልቤርቶ ላራጊቤል ዋሶ በተባለው ፈረስ 2.47 ሜትር ዘለለ፤ እስካሁን የሰበረው የለም። የዚያን ቀን ፎቶግራፍ ሲያዩት ፈረሰኛው ከፈረሱ አንገት ጋር ተጣብቆ፣ እጁን ወደ ፊት ሰጥቶ ነው። ወደ ኋላ የተለጠጠ የለም።

የእኛ አገር ፈረሰኛነት ከዚህ የተለየ ዓላማ ነበረው። ከፊትም ከኋላም ከፍ ያለው ኮርቻችንና በእግር አውራ ጣት የሚያዘው እርካባችን በጉግስ ሜዳ በሽምጥ እየጋለቡ ለመዞር፣ ለመወርወርና ለመከላከል የተመቹ ናቸው። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የሚሰባሰቡትን የአገው ፈረሰኞች ያየ ሰው ሚዛን ምን ማለት እንደሆነ ነጋሪ አያሻውም። ግን በዚያ ኮርቻ ላይ መቀመጫን አንሥቶ፣ ተረከዝን ዝቅ አድርጎ መዝለል አስቸጋሪ ነው፤ ኮርቻው ሰውየውን አቅፎ ለመያዝ እንጂ ለመልቀቅ አልተሠራም። ስለዚህ ከልጅነቱ ጀምሮ የጋለበ ሰውም ለዝላይ ጠፍጣፋ ኮርቻ ላይ ሲወጣ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ቅር ሊለው አይገባም።

ይህን ትምህርት ልጀምር፣ ወይም ልጄን ላስጀምር የሚል ሰው፣ በአዲስ አበባም ይሁን በውጭ አገር፣ ከመክፈሉ በፊት አንድ ቀን ሄዶ ይይ። የራስ ቁር ያለ ማወላወል ይታሠራል ወይ? ፈረሶቹ ሰው ሲቀርባቸው ጆሯቸውን ወደ ኋላ ይለጥፋሉ ወይስ ወደ ፊት ያቆማሉ? ጀማሪዎች እርካብ ሳይዙ ሲሠሩ ይታያሉ ወይ? በመጀመሪያው ቀን መሰናክል የሚያዘልል አስተማሪ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ሌላ ፈልጉ።