እንደገና ከእጅ ውርወራ

ሞዴል አውሮፕላን ለዓመታት ሳይበር ሲቀመጥ ቀድሞ የሚሞተው ባትሪው ነው። ሊቲየም ፖሊመር የሚባለው ባትሪ ሲሞላ እያንዳንዱ ሴል 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ 3.8 ቮልት አካባቢ ላይ መተው አለበት፤ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ደግሞ ይበላሻል። የእኔዎቹ መጋቢት 2012 ላይ ለቅዳሜ በረራ ሙሉ ተሞልተው ነበር። ያቺ ቅዳሜ ሳትመጣ ቀረች። ከዓመታት በኋላ ሣጥኑን ስከፍት እንደ ትራስ አብጠው አገኘኋቸው። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ እንደገና ቻርጅ አይደረግም፣ አይበሳም፣ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አይጣልም፤ እሳት ያስነሳል። ይህን በሙያዬም ስለማውቀው ነው አጥብቄ የምናገረው። አዲስ አበባ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፤ ያበጠ የስልክ ባትሪ ይዞ የሚመጣ ሰው አጥቼ አላውቅም።

ክንፉን ከአካሉ ጋር የሚያስሩት ላስቲኮች ገና ስነካቸው ተበጣጠሱ። ነጩ ፎም ቢጫ ሆኗል። ጭራውን የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሰርቮዎች ግን፣ አቧራቸው ሲጠረግና አዲስ ኤሌክትሪክ ሲያገኙ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ግራና ቀኝ አሉ። ሞተሩም ደህና ነበር። እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አዲስ ባትሪ ስንት እንደሚያወጣ ማስላት ጀመርኩ። ከዚያ ተውኩት። ምክንያቱን ለማስረዳት እረፍቱ እንዴት እንደመጣ መናገር አለብኝ።

የምናበርበት ቦታ ጃንሜዳ ነበር። ለጥምቀት ታቦታት የሚያድሩበት፣ የገና ጨዋታና አገር አቋራጭ ሩጫ ሲካሄድበት የኖረው ያ ሰፊ ሜዳ በማለዳ ለሞዴል አውሮፕላን ምቹ ነበር፤ ሳሩ አጭር፣ ዙሪያው ክፍት፣ ሰውም ገና ያልበዛበት። መጋቢት 30 ቀን 2012 በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን ፒያሳ አጠገብ የነበረው አትክልት ተራ፣ መጨናነቁን ለመቀነስ ተብሎ፣ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። የምናርፍበት ሳር ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የጫኑ መኪኖች ቆሙ። ሕዝቡ መብላት ነበረበትና በዚህ አልከፋም። የ2013 ጥምቀት ሲቃረብ ገበያው ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው አካባቢ ሄደ፤ ሜዳው ግን ጭቃና ቆሻሻ ሆኖ ነበር የቀረው። በዚያን ጊዜ ደግሞ አገር ውስጥ ጦርነት ተጀምሯል። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በእነዚያ ወራት ሪሞት ይዞ ሜዳ ላይ ቆሞ ሰማይ ማየት የሚታሰብ አልነበረም።

አዋጁ ካለፈ በኋላም ነገሩ እንደ ድሮው አልሆነም። ድሮን ያለ ፈቃድ ወደ አገር ማስገባትም ማብረርም አይቻልም፤ ፈቃዱን የሚመለከተው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ማለትም ኢንሳ ነው። የእኔ አውሮፕላን ካሜራም የለው፣ በራሱም አያስብ። ነገር ግን ከሩቅ ለሚያየው ፖሊስ ወይም ለሚሰማው ሰው ከድሮን የሚለይበት ነገር የለም። እኔም እንደ ድሮን ነው የምቆጥረው፤ ፈቃድ በእጄ ሳይኖር ሪሞቴን ይዤ ሜዳ አልወርድም።

ከሕጉ በላይ የከበደኝ ግን ድምፁ ነው። ከጦርነት አካባቢ ሸሽተው ዘመድ ቤት የተጠጉ አንዲት እናት ጎረቤቴ ነበሩ። አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ የቆየውን ሞተር ለመፈተሽ ኤሌክትሪክ ሰጠሁት። ትንሽ ሞተር ነው፤ ግን በፍጥነት ሲሽከረከር እንደ ንብ የመሰለ ስል ድምፅ ያወጣል። እኚህ እናት በር ላይ የሚጫወቱትን የልጅ ልጆቻቸውን ሰብስበው ወደ ውስጥ ሲሮጡ በመስኮት አየሁ። ሄጄ "እማማ፣ አይዞዎት፣ የመጫወቻ ሞተር ነው" አልኳቸው። "ልጄ፣ ልቤ መቼ ጠይቆኝ ይደነግጣል" አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ሞተር ሰፈር ውስጥ አላስነሳሁትም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ እረፍት የገጠመው ሰው ወደ ማብረር ሲመለስ፣ ካቆመበት ቦታ መቀጠል የለበትም ብዬ አምናለሁ። ወደ መጀመሪያው መመለስ አለበት፤ ሞተርም ሬዲዮም ወደሌላት፣ በእጅ ተወርውራ በራሷ ሚዛን ወደምትንሳፈፍ አውሮፕላን። ይህን የምለው ሌላ ስለጠፋ አይደለም። የማብረር እውቀት ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

የሰው ልጅም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1871 ፓሪስ ውስጥ አልፎንስ ፔኖ የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ በተጠመዘዘ ላስቲክ የምትበር ትንሽ አውሮፕላን በሰው ፊት ለቀቀ። ለ11 ሴኮንድ ያህል በርራ 40 ሜትር ገደማ ሄደች። ማንም ሳይነካት ቀጥ ብላ የሄደችው ጭራዋ ስለሚያስተካክላት ነበር፤ ሰው የሚጭን አውሮፕላን ከመሠራቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀድሞ መሆኑ ነው። እሱን የሠሩት ራይት ወንድማማቾችም ልጆች ሳሉ አባታቸው የሰጧቸው በላስቲክ የሚበር መጫወቻ ከፔኖ ሥራ የተወሰደ ነበር። የሚገርመው ደግሞ የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ የደረሰው በዚያው በነሐሴ 18 ቀን፣ በ1929 ነው፤ በእኛ ነሐሴ 12 ቀን 1921። ከስድስት ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር እዚሁ አገር ላይ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ገጥሞ፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችውን አውሮፕላን ሠራ። ጣሊያን ወስዷት ለአሥርት ዓመታት በሙዚየም ያቆያት ፀሐይ ጥር 2016 ላይ መመለሷ ሲነገር፣ ሱቄ ውስጥ ሥራ አቁመን በቴሌቪዥን ስናያት ነበር። አንዱ የሰፈር ልጅ "ጋሼ፣ እኛስ መሥራት እንችላለን?" ብሎ የጠየቀኝ ያኔ ነው፤ ከሰፈር ልጆች ጋር መሥራት የጀመርነውም ከዚያ ነው።

በውጭ አገር ሞዴል የሚሠራው ባልሳ ከሚባል ከደቡብ አሜሪካ ከሚመጣ በጣም ቀላል እንጨት ነው። እኛ ጋ እሱ የለም። ያለው ፎም ነው፤ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ወፍራሙ ሳይሆን ስስ ሆኖ የሚቆረጠው። ለአካሉ የተሰነጠቀ ቀርከሃ እንጠቀማለን። ፎሙን በአዲስ ምላጭ በአንድ እጅ ውርድ መቁረጥ ነው፤ የደነዘ ምላጭ ይቦጫጭቀዋል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ከፊት ማድቦልቦል፣ ከኋላ ማሳሳት። ማጣበቂያው የእንጨት ኮላ ይሁን፤ ማስቲሽ ግን ፎም ይበላል፣ ክንፉ ዓይንህ እያየ ይቀልጣል። ክንፉን መሐል ላይ ትንሽ አጥፎ ሁለቱን ጫፎች ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። አውሮፕላኗ ወደ አንድ ጎን ስታዘነብል ራሷን የምታቃናው በዚያ ነው።

ከዚያ ሚዛኑ። የክንፉን ስፋት ከፊት ወደ ኋላ ለካና ሲሦው ላይ ምልክት አድርግ። ከሥር በሁለት ጣት እዚያ ላይ ስታነሳት ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ጭራዋ ከከበደ አፍንጫዋ ላይ ሚስማር ወይም ጭቃ ጨምር። አወራወሩ እንደ ድንጋይ ወደ ላይ አይደለም፤ በትከሻ ቁመት፣ ከአድማስ ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ በቀስታ መግፋት ነው። ልጆች ሁሉ መጀመሪያ በኃይል ይወረውራሉ፤ አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ታቀናና ትቆማለች፣ ከዚያ ትወድቃለች። ክንፉ አየሩን ለቀቀው ማለት ነው። በቀስታ ሲገፏትም እንዲህ ካደረገች አፍንጫው ላይ ክብደት ይጨመራል። ቶሎ ወደ መሬት ካጎነበሰች ደግሞ የጭራዋ የኋላ ጠርዝ በጣም ትንሽ ወደ ላይ ይታጠፋል። አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ለውጥ ያመጣል። ያን አንዲት ሚሊ ሜትር የሚያይ ዓይን ያለው ሰው ወደፊት ሪሞት ሲይዝ አውሮፕላኑ ምን እያለው እንደሆነ ይገባዋል።

የእኛ አየር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከጳውሎስ ወደ እንጦጦ ግርጌ ስንወጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነን። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስስ አየር ክንፍን የማንሳት አቅሙ ያነሰ ስለሆነ፣ ያው አውሮፕላን እንዳይወድቅ 13 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሄድ አለበት። በባሕር ጠረፍ ከተማ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚበቃው ሞዴል እኛ ጋ 34 ይፈልጋል። ፈጥኖ የሚበር ፈጥኖ ነው የሚያርፈው፤ ማረፊያ መሬትም የበለጠ ይበላል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር መርዘሙ አለምክንያት አይደለም። ከውጭ አገር መጽሔት የተገለበጠ ፕላን እዚህ "አልበር አለ" የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። መፍትሔው ክብደቱን በአንድ አምስተኛ መቀነስ ወይም ክንፉን በሩብ ያህል ማስፋት ነው። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው አላመኑኝም። አንድ ዓይነት አካል ላይ ጠባብና ሰፊ ክንፍ እየቀያየርን ስንወረውር ግን የትኛዋ ዘግይታ እንደምታርፍ ማንም ሳያስረዳቸው አዩት።

ለእጅስ ምን ይደረጋል? እጅ በእርግጥ ይረሳል። በሪሞት ማብረር ላይ ከባዱ ነገር አውሮፕላኑ ወደ አንተ ሲመጣ ግራና ቀኝ መገልበጡ ነው፤ የእሱ ግራ ያንተ ቀኝ ይሆናል። የድሮ አብራሪዎች አንድ ዘዴ ያስተምራሉ፦ ወደ አንተ እየመጣ አንዱ ክንፉ ዝቅ ካለ፣ የሪሞቱን ዘንግ ዝቅ ወዳለው ክንፍ ግፋ፤ ከሥሩ ገብተህ እንደምትደግፈው አስብ። ይህን ለማስታወስ ሜዳ መውጣት አያስፈልግም። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የበረራ ማለማመጃ አለ፤ ሪሞቱ በገመድ ይገናኛል፤ ማንም አይደነግጥም፣ ምንም አይሰበርም። እኔ ማታ ማታ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ እለማመዳለሁ። ጣቶቼ መጀመሪያ ላይ እንግዳ ነበሩ፤ አሁን ያሰብኩትን ይሠራሉ። ፈቃድ በሚገኝበት ቀን ዝግጁ ሆነው ይጠብቁኛል።

እስከዚያው ከልጆቹ ጋር ወደ ፔኖ ላስቲክ ተሸጋግረናል። የብር ማሰሪያ ላስቲክ እርስ በርሱ እናያይዛለን፤ በሚጠመዘዝበት ጊዜ እንዳይፋተግና እንዳይበጠስ ግሊሰሪን እንቀባዋለን፤ ከማንኛውም ፋርማሲ የሚገዛው ለቆዳ የሚሆነው ነው። ምላሱ፣ ማለት ፕሮፔለሩ፣ ከእርጎ ኩባያ ጎን ሰያፍ ተደርጎ ይቆረጣል፤ የኩባያው ክብነት የሚፈለገውን ጉብጠት አስቀድሞ ሰጥቶታል። መጥረቢያም መሮም አያስፈልግም። ላስቲኩ ሲፈታ የሚሰማው ትንሽ ሹክሹክታ ነው። ጎረቤቴ እማማም አንድ ቀን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የልጅ ልጃቸው ሲለቃት አይተው "ይቺስ ወፍ ናት" አሉ። ልጁ ከዚያ ወዲህ ከሥራችን ጠፍቶ አያውቅም።

ላስቲክ የሚነዳው አውሮፕላን ጠላቱ ነፋስ ነው። በበጋ ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት አየሩ ይረጋል፤ ረፋዱ ላይ ነፋሱ ሲነሳ ሥራ ያበቃል። ክረምት ደግሞ ዝናብ ነው። በዓለም ላይ ይህን ችግር የፈቱት ቤት ውስጥ በማብረር ነው። በዓለም አቀፍ ውድድር የሚቀርቡት የቤት ውስጥ ሞዴሎች ክንፋቸው ከግማሽ ሜትር በላይ ሆኖ ክብደታቸው ያለ ላስቲኩ 1.4 ግራም ብቻ ነው፤ ከአንድ የወረቀት ገጽ ያነሰ። በአንድ ጥምዘዛ ለረጅም ደቂቃዎች አየር ላይ ይቆያሉ። ሩማኒያ ውስጥ ስላኒክ የሚባል ቦታ ያለ ጥልቅ የጨው ማዕድን ዋሻ ለዚህ ውድድር የታወቀ ነው፤ ጣሪያው ሩቅ፣ አየሩም አይነቃነቅም።

እኛ የጨው ዋሻ አያስፈልገንም። እዚሁ ጉለሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ የስፖርት አዳራሽ ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት አብዛኞቹ ባዶ ናቸው። በሮችና መስኮቶች ተዘግተው፣ ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ወለሉን ሳንጎዳ ማብረር እንችላለን። ፎሙንም ላስቲኩንም እኛ እናመጣለን፤ የእርጎ ኩባያውን ተማሪዎቹ ከቤታቸው ይዘው ቢመጡ ይበቃል። አዳራሹን የሚፈቅድልን ርዕሰ መምህር ካለ፣ ለሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የሳይንስ ክበብ ልጆች በመጀመሪያው ቀን የክንፉን ሚዛን አስይዘን፣ በሁለተኛው ላስቲክ አስገጥመን እንሰጣለን።