የሕዝብን ጉዳይ የሚያነሣ እንደራሴ

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርገው ያረቀቁትን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ለሕዝባቸው በሰጡ ጊዜ፣ ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ ሥርዓተ መንግሥት ውስጥ ያልነበረ አንድ የሥራ ዐይነት ዘሩ ተዘራ፤ ይኸውም ራሱ ባለጉዳይ ሳይሆን የባለጉዳዩን ነገር ተሸክሞ፣ በሌላው ሰው ስም በምክር ቤት ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ሥራ ነው። እስከዚያ ዘመን ድረስ ፍትሕ የጎደለበት የጣና ዳር ገበሬም ሆነ ርስተ ጉልቱ የተነካበት የደሴት ገዳም የተለመደው መንገድ አንድ ነበር፤ ስንቁን ይዞ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ከግዛቱ ሹም ወይም ከንጉሡ ችሎት ፊት ራሱ ቀርቦ አቤት ማለትና እስኪሰማ ድረስ ደጅ መጥናት። ዛሬ ሰፊ ከተማ የሆነችው ባሕር ዳር በዚያን ጊዜ በጊዮርጊስ ደብር ዙሪያ የተሰበሰበች ትንሽ መንደር ነበረችና፣ ከዚህ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመድረስና እንደገና ወደ እርሻው ለመመለስ የሚወስደውን ጊዜ ያሰበ ሰው፣ ስንቱ በደል ሳይነገር እንደ ቀረ መገመት አይሳነውም።

ሕገ መንግሥቱ ያቆማቸው ምክር ቤቶች ሁለት ነበሩ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት በሚኒስትርነት፣ በዳኝነትና በጦር አለቅነት ካገለገሉት መኳንንት መካከል በንጉሠ ነገሥቱ የሚመረጡ ሲሆኑ፣ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት የሚመረጡ ነበሩ። ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከሁለቱ አንዱን ለሕዝቡ ከፈተው፤ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የሕግ መምሪያውን እንደራሴ በድምፁ እንዲመርጥ ተፈቀደለት፤ በመጀመሪያውም ምርጫ እመት ስንዱ ገብሩ ከእንደራሴዎቹ መካከል የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። የሕግ መወሰኛው ግን እንደ ቀድሞው ንጉሠ ነገሥቱ ለስድስት ዓመት የሚሾሟቸው፣ ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት ያላነሰ፣ ቁጥራቸውም ከሕግ መምሪያው አባላት እኩሌታ የማይበልጥ ታላላቅ ሰዎች የሚቀመጡበት ሆኖ ቀረ። እነዚህ አረጋውያን ብዙ ያዩና የመንግሥትን አሠራር ጠንቅቀው የሚያውቁ ስለነበሩ ምክራቸው ከንቱ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን የተላኩት ከላይ ስለሆነ፣ ከታች ያለው ሰው ላኪያቸው አልነበረምና፣ ጉዳዩን አምጥተው በጉባኤ ፊት ሊያቆሙለት የሚያስገድዳቸው ቃል ኪዳን አልነበራቸውም።

የዚህ ጉድለት ዋጋ ከሁሉ ይልቅ የታየው በዚሁ በእኛ አገር፣ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በሁለቱም ምክር ቤቶች አልፎ በታወጀ ጊዜ፣ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ያሰቡት ግብር በምርቱ መጠን እንዲከፈልና ለመንግሥት ግምጃ ቤት የሚገባው ገቢ እንዲጨምር ነበር፤ የጎጃም ባለርስት ግን በአዋጁ ውስጥ ያየው ሌላ ነገር ነው። መሬቱ የአባት የእናቱ ርስት እንጂ የማንም ጭሰኛ ያይደለ ይህ ሕዝብ፣ ቀደም ብሎ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ዓመታት መሬት ይለካ በተባለ ጊዜ ሁሉ የተነሣ ነውና፣ ገማች ሆኖ የመጣው ሹም ነገ ገመድ ይዞ እንደማይመለስ፣ ከለካም በኋላ ርስቱን እንደማይነጥቀው የሚያረጋግጥለት ሰው ፈለገ። ጥያቄው ቀላልና ግልጽ ነበር፤ በሞጣም ሆነ በቢቸና ግን የሚያሳምን መልስ አላገኘም። ከአቤቱታ ወደ እምቢታ፣ ከእምቢታም ወደ ጠመንጃ የደረሰው ነገር ፖሊስ፣ ወታደርና አውሮፕላን ከተላከበት በኋላ እንኳ አልበረደም፤ በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፣ የአዲሱ ግብር መሰብሰብ ቀረ፣ የቆየው ውዝፍም ለሕዝቡ ተማረለት። እንግዲህ አስተውሉ፤ መንግሥት ከደም መፍሰስ በኋላ የሰጠው መልስ፣ አንድ እንደራሴ ተነሥቶ አንዲቱን ጥያቄ ለብቻዋ ቢጠይቅና አንድ ሚኒስትር ለእርሷ ብቻ በቃሉ ቢመልስ፣ መልሱም በየወረዳው ቢነበብ ኖሮ፣ ከደም በፊት ሊገኝ ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለቱም ምክር ቤቶች መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ተዘጉ፤ በ1979 ዓ.ም. የተመረጠው ብሔራዊ ሸንጎም ከአራት ዓመት በላይ አልዘለቀም። ዛሬ ያሉት ሁለቱ ምክር ቤቶች በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተመሠረቱ ናቸው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች ሲኖሩት ከእነዚህ 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው፤ ሕገ መንግሥቱም ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎቹን ባለሥልጣናት ጠርቶ የመጠየቅን ሥልጣን የሰጠው ለዚህ ምክር ቤት ነው፤ አባሉንም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው እንጂ ለሌላ ተገዢ አላደረገውም፤ በጉባኤው ስለ ተናገረው ቃልም እንዳይከሰስ ከልሎታል። በአንጻሩ የቀድሞውን የሕግ መወሰኛ ስፍራ የያዘ የሚመስለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ አባላቱን የሚልክለት በባሕር ዳር የሚሰበሰበው የክልሉ ምክር ቤትና መሰሎቹ ሲሆኑ፣ ሥራው ሕግ ማውጣት ሳይሆን ሕገ መንግሥቱን መተርጐም፣ በክልሎች መካከል የሚነሣውን ክርክር መፍታትና የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር መወሰን ነው። የሁለተኛው ምክር ቤት አባል እንግዲህ በክብር ትልቅ ቢሆንም፣ ተነሥቶ አንድን ሚኒስትር ስለ አንድ ወረዳ ጉዳይ የሚጠይቅበት ሰዓት አልተመደበለትም።

ይህ የግድ እንዲህ መሆን ያለበት እንዳይመስለን፣ ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ ማየት ይጠቅማል። በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ በሌይንስተር ሐውስ የሚሰበሰበው ሻናድ የተባለው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት 60 አባላት ያሉት ሲሆን፣ 43ቱ በልዩ ልዩ የሙያ ዘርፍ ከቀረቡ ዕጩዎች ይመረጣሉ፣ ስድስቱን የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ይመርጣሉ፣ አሥራ አንዱን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይሾማሉ፤ ዝነኛው ባለቅኔ ዬትስም በቀድሞው ሻናድ እ.ኤ.አ. ከ1922 እስከ 1928 አባል ነበር። ይህ ምክር ቤት ሕግን ከማዘግየት በቀር ለመሻር አቅም የለውም። ነገር ግን የዕለቱ ሥራ ሲጀመር አንድ አባል ተነሥቶ አንድ የተወሰነ ጉዳይ፣ የአንድን ከተማ ሐኪም ቤት፣ የአንድን መንደር ትምህርት ቤት ወይም መንገድ ስሙን ጠርቶ ያነሣል፤ ከመንግሥት የተላከ ሚኒስትርም ለዚያው ጉዳይ ብቻ መልስ ይሰጣል፤ ጥያቄውም መልሱም በቃለ ጉባኤ ይታተማል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሻናድ ይቅር ወይስ ይኑር ተብሎ ሕዝቡ በተጠየቀ ጊዜ፣ በጥቂት ብልጫም ቢሆን ይኑር አለ።

ወደ ሐይቃችን ወደ ጣና ስመለስ ነገሩ ያስቆጨኛል። በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ የመገጭ ወንዝ ከጣና በሚገናኝበት በደምቢያ በኩል፣ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታየ ወዲህ ወደ ጎንደር ዙሪያ፣ ወደ ሊቦ ከምከምና ወደ ፎገራ ተዛምቶ፣ ዓሣ አስጋሪውን መረብ የሚጥልበት ውሃ፣ ገበሬውን ከብቱን የሚያሰማራበትና የሚዘራበት ባሕር ሸሽ መሬት አሳጥቶታል። ሕዝቡ እስከ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ፤ ማጨጃ መኪናዎች መጡ፤ ክልሉም ለሐይቁ ጥበቃ የሚሆን መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ ጉዳዩም በየምክር ቤቱ ተነሥቷል። ነገር ግን በእኛ ጉባኤ ልማድ የብዙ እንደራሴዎች ጥያቄ በተከታታይ ከተሰማ በኋላ መልሱ በአንድ ረጅም ንግግር ተጠቃልሎ ይሰጣልና፣ ስለ ሰላም፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ መንገድ በሚነገረው መካከል ሐይቁ አንድ ዐረፍተ ነገር ካገኘ ትልቅ ነገር ነው። ማጨጃው ለምን ቆመ፣ መለዋወጫውን ማን ይግዛ፣ የተነቀለው አረም ወዴት ይወሰድ የሚለው ዝርዝር፣ ለሐይቁ ሕይወት የሚበጀው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ለብቻው ተጠይቆ ለብቻው የሚመለስበት ስፍራ ያሻዋል። እንዲህ ያለውን ሰዓት ከሁሉ አስቀድሞ ሊከፍት የሚገባው፣ ከሐይቁ ዳር የሚቀመጠው የክልሉ ምክር ቤት ይመስለኛል።

እስከዚያው ያለው መንገድ ይህ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የዓመቱ የሥራ ጊዜ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይፈጸማል፤ በክረምቱ ዕረፍት እንደራሴው ወደ መረጠው ሕዝብ ወርዶ ጉዳዩን መስማት ልማድ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ይህን ጉዞ አዳጋች ቢያደርገውም፣ ጥያቄው በጽሑፍ ሊደርሰው ይችላል። በጽሑፉ ውስጥ የቀበሌው ስም፣ ችግሩ የጀመረበት ጊዜ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤትና ያ መሥሪያ ቤት ቀድሞ የገባው ቃል ካለ ቀኑ ጭምር ይስፈርበት፤ አንድ ጉዳይ ለአንድ ወረቀት ይሁን። አንዱ ግልባጭ ለክልሉ ምክር ቤት፣ አንዱም ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይላክ፤ እንደራሴው ያገኘውን መልስ ደግሞ፣ መልስ ያላገኘም እንደሆነ ይህንኑ፣ ለጻፈለት ቀበሌ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ከወዲሁ ይጠየቅ።