ኮተን፣ ሲሚንቶ፣ ኮተን፣ ኮተን፣ ሲሚንቶ፣ ኮተን

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ኳስ የሚጀመረው ሙቀቱ ረገብ ሲል፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ልጆቹ መንገዱ ዳር ድንጋይ ደርድረው ጎል ይሠራሉ። ባጃጅ በመጣ ቁጥር ጨዋታው ይቆማል፤ ባጃጁ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። ሰሞኑን እዚያ አካባቢ ሻይ እየጠጣሁ ሳለ፣ ብርቱካናማ ማሊያ የለበሰ ልጅ ኳሷን ተከትሎ አጠገባችን መጣ። ከጎኔ የተቀመጡት ጡረተኛ ኳሷን በእግራቸው አቁመው ያዟት።

«የማን ደጋፊ ነህ?»

«የከነማ ነኛ! ድሬ ከነማ። አንድ ቀን ሻምፒዮን እንሆናለን።»

«አንድ ቀን? ተው እንጂ አቦ! ድሬ ሻምፒዮን መሆን ሰልችቷት ያውቃል» አሉና ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥሩ ጀመር። «ኮተን፣ ሲሚንቶ፣ ኮተን፣ ኮተን፣ ሲሚንቶ፣ ኮተን።» አንዱ እጅ አልበቃ ብሏቸው ሁለተኛውን ጨመሩ።

ልጁ ሳቀ። «ሲሚንቶ ደግሞ ኳስ ይጫወታል እንዴ?»

ይጫወት ነበር። የሽማግሌው ቆጠራም ስህተት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1960 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የድሬዳዋው ኮተን ነው። በ1961 ዋንጫውን እዚያው ድሬ ያለው ኢትዮ ሲሚንቶ ወሰደው። በ1962 እና በ1963 ኮተን፣ በ1964 ሲሚንቶ፣ በ1965 ደግሞ እንደገና ኮተን። ለስድስት ዓመት የአገሪቱ ዋንጫ ከአንድ ከተማ አልወጣም፤ ከሁለት ፋብሪካ ግቢም አላለፈም። አዲስ አበባ ቤተ መንግሥቱና ስታዲየሙ፣ አስመራ ደግሞ የቆየ የኳስ ባህሏ እያላቸው፣ ሁለቱም ቆመው ተመልካች ሆነው ነበር።

ኮተን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን ነው። ስሙም ከዚያው ከጥጡ የመጣ ነው። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ባይደርስ ኖሮ እንደ ከተማ አትቆረቆርም ነበር። ባቡሩ ነጋዴ አመጣ፣ ወርክሾፕ አመጣ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ የሲሚንቶና የጥጥ ፋብሪካ ተተከለ። ደመወዝተኛ በበዛበት ከተማ ኳስ ተጫዋችም ተመልካችም አይጠፋም።

የፋብሪካ ቡድን አሠራሩ ቀላል ነው። የዛሬው ተጫዋች የሚፈርመው የዝውውር ውል ነው፤ የያኔው ግን የሚፈርመው የደመወዝ መዝገብ ላይ ነበር። ኳስ ሲችል ተቀጠረ፤ ከተቀጠረ ሠራተኛ ነው። እግሩ ሲደክም ደግሞ ሜዳውን ይለቃል እንጂ እንጀራውን አያጣም። ኳስ ብቻውን ቤተሰብ በማያኖርበት ዘመን ከዚህ የበለጠ ማባበያ አልነበረም። ድሬዳዋ ራቅ ካለ አገር ተጫዋች መሳብ የቻለችው በዚህ ነው።

ከተሳቡት ሁሉ ታላቁ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 አስመራ ተወለደ፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር ነበር። ኳስን እዚያው አስመራ ተምሮ፣ በጉልምስናው ድሬ መጥቶ የኮተንን ማሊያ ለበሰ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ከተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ከግብፅ ጋር ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ስትሰለፍ አምበሉ እሱ ነበር። ግብፆች በባደዊ አስቀድመው አገቡ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ስታዲየሙ ጩኸቱን ሳይጨርስ ባደዊ ደገመ። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ኢትዮጵያ ሁለት ለሁለት አደረገችው። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን ጨመረ፤ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስቆጥሮ ነገሩን ዘጋው። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ተጫዋች ነው። ኢትዮጵያ ያን ዋንጫ ከዚያ በኋላ አላነሳችም።

ኮተን ራሱም ከአገር ወጥቶ ተፈትኗል። የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ኢትዮጵያን የወከለው እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 መጀመሪያ አክራ ላይ ከተገናኙት የመጨረሻ አራት ቡድኖች አንዱ ለመሆንም በቃ። በግማሽ ፍጻሜው የማሊው ስታድ ማሊየን አስቆመው፤ ዋንጫውን የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ ወሰደ።

ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1966 ቅዱስ ጊዮርጊስ ሻምፒዮን ሆነ፤ ሁለቱን ተከታይ ዓመታትም ደገመ። ቀጥሎ ቴሌ፣ ቀጥሎ የአስመራ ቡድኖች መጡ። እስከዚህ ድረስ የማንኛውም ኃያል ቡድን ታሪክ ነው፤ ተጫዋች ያረጃል፣ ተፎካካሪ ይነሳል። የኮተን ፈተና ግን ከሜዳ ውጭም ነበር። ጥር 1967 ዓ.ም. ደርግ ትልልቆቹን ፋብሪካዎች ወረሰ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ ነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ከተማዋ የጦር ሜዳ ሆነች። ይህ ሁሉ አልፎ ኮተን እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ ጊዜ ብድግ አለና አምስተኛ ዋንጫውን አነሳ። ከዚያ ወዲህ የለም።

የወደቀ ቡድን ሁሉ ግን እንዲህ ወድቆ አይቀርም። የአሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ቡድን ዲትሮይት ፒስተንስን እንመልከት። እሱም ሲወለድ የፋብሪካ ቡድን ነበር። ፍሬድ ዞልነር የተባለ ባለፋብሪካ ፎርት ዌይን በምትባል ከተማ የሞተር ፒስተን ይሠራ ነበር፤ የቡድኑም ስም ከዚያው ከምርቱ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1957 ቡድኑን ይዞ ወደ ትልቋ ዲትሮይት ሄደ፤ በ1974 ሸጠው። በዚህ መሀል ቡድኑ ከፋብሪካው እትብቱን በጠሰ፤ የራሱ ገቢ፣ የራሱ ገዢ፣ የራሱ ከተማ ያለው ሆነ። በ1989፣ በ1990 እና በ2004 ሻምፒዮን ሆኗል። በ2023/24 የውድድር ዘመን ግን ጉድ ሆነ፤ 28 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ከ82ቱ ያሸነፈው 14ቱን ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት 44 አሸነፈ። ቡድኑ ወደቀ እንጂ ቤቱ አልፈረሰም፤ ስለዚህ የሚነሳበት መሬት ነበረው።

እትብቱ ዘግይቶ ሲበጠስ ምን እንደሚሆን ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ታይቷል። ሶሾ የተባለውን የእግር ኳስ ክለብ የመኪና ፋብሪካው ፔዦ እ.ኤ.አ. በ1928 አቋቁሞ ለብዙ አሥርት ዓመታት አኖረው። በ2015 ሸጠው። በ2023 ክለቡ በገንዘብ ችግር ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ፤ ከመጥፋት የተረፈውም በጭንቅ ነው።

የኮተን መሬት ፋብሪካው ነበር፤ ከፋብሪካው የተለየ ኪስ አልነበረውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የድሬ ድር ለስድስት ዓመት አንበሳ ሲያስር ኖሯል። ነገር ግን ድሩን የሚፈትለው ማሽን የሌላ ነበር። ማሽኑ የባለሀብት ሲሆን አበበ፤ የመንግሥት ሲሆን እንደ መንግሥት ዕቅድ ኖረ፤ ኳስ ራሱን የቻለ ገበያ ሲሆንና ተጫዋች በፊርማ ገንዘብ ሲፈለግ፣ ደመወዝ መዝገብ ላይ መጻፍ ማባበያነቱ ቀረ። ኮተንን ያነሳውም የጣለውም ያው አንድ ነገር ነው።

ዛሬ ከተማዋን በፕሪሚየር ሊጉ የሚወክላት ልጁ ከነማ ያለው ድሬዳዋ ከተማ ነው፤ ብርቱካናማዎቹ። የሚያስተዳድረው የከተማው አስተዳደር ነው። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ሲካሄድ ድሬዳዋም ተራዋ ደርሷት አስተናግዳለች። ግን ብርቱካናማዎቹ የኮተን ልጆች አይደሉም፤ ከሌላ ቤት የተወለዱ ናቸው። የእነዚያ ዋንጫዎች ዝና ወራሽ ስላጣ የሚኖረው በጡረተኞች ጣት ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ሽማግሌው ለልጁ በአጭሩ ነገሩት፤ ስለ ሉቺያኖ፣ ስለ አክራ፣ ስለ ስድስቱ ዓመት። ልጁ ኳሷን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ዝም ብሎ ሰማ። ዋንጫው የት እንዳለ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር።

«አባባ፣ ኳስ ለቻለ ሥራ ይሰጡት ነበር ነው የሚሉኝ?»

«ይሰጡት ነበር።»

«ለወንድሜም ይሰጡት ነበር?»

ሽማግሌው መልስ ሳይሰጡ ቆዩ። ከዚያ «ጎበዝ ነው?» ብለው ጠየቁት።