ጦቢያ ስለ ምን የወንድ ልብስ ለበሰች?

በቅርቡ በአንድ ወዳጄ ቤት ለሽምግልና ተጠርተን ነበረ። ነገሩም እንዲህ ነው። የቤቱ ልጅ አንዲት የተማረች፥ ጠባይዋም የተመሰገነ ቈንጆ ለማግባት አሰበ፤ የልጅቱም ወላጆች ፈቀዱ። ነገር ግን የልጅቱ አያት በሕይወት ሳሉ ብረት ቀጥቃጭ እንደ ነበሩ በተሰማ ጊዜ፥ የልጁ አያት የሆኑት እመቤት «እኔ ሳልሞት የቀጥቃጭ ዘር በዚህ ደጅ አይገባም» ብለው ቈረጡ። እኛም ሽማግሌዎቹ የምንችለውን ያህል ተናግረን፥ አንዳንዶቻችንም ከምንችለው በላይ ተናግረን፥ ነገሩ አልላላ ስላለ ለማግሥቱ ቀጠሮ ይዘን ዝም አልን።

እራት ተበልቶ ቡና ሲፈላ የእመቤቲቱ ትንሽ የልጅ ልጅ እንደ ልማዷ መጽሐፍ ታነብላቸው ጀመር። መጽሐፉ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የደረሰው «ልብ ወለድ ታሪክ»፥ ዛሬ ሰው ሁሉ በባለታሪኳ ስም «ጦቢያ» እያለ የሚጠራው ነበረ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋራ ለመንገድ ከምትነሣበት ስፍራ በደረሰች ጊዜ፥ እመቤቲቱ እጃቸውን አንሥተው «ቈይ እስቲ፤ የጨዋ ልጅ ስለ ምን የወንድ ልብስ ትለብሳለች?» ሲሉ ጠየቁ። ልጅቱም መልሱን ከእኔ ትጠብቅ ዘንድ ወደ እኔ ተመለከተች። በዚያ ማታ የመለስሁት አጭርና ለዛ የሌለው ነበረ። ከዚያ ወዲህ ግን ጥያቄው ከልቤ አልወጣ ስላለ፥ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ዘርዘር አድርጌ ለመጻፍ ወደድሁ።

መጽሐፉ የታተመው በ1900 ዓመተ ምሕረት (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1908) በሮማ ከተማ ነው። በአማርኛ ከተደረሱት ልብ ወለዶች የመጀመሪያው ሲሆን፥ «ልብ ወለድ» የሚለው ቃል ለእንዲህ ያለው ድርሰት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ የቀረውም ከዚሁ መጽሐፍ አርእስት ነው። ደራሲው የዘጌ ተወላጅ ነው፤ በዚያን ጊዜም በኢጣልያ አገር በናፖሊ ከተማ አማርኛ ያስተምር ነበር። በኋላ በወረራው ዘመን ከጠላት ጋራ በመተባበሩ ስሙ በወቀሳ ይነሣል። መጽሐፉን ስናመሰግን ይህን የዘነጋን አይምሰል፤ ድርሰቱ ግን ከደራሲው ኋለኛ ሥራ አስቀድሞ የተወለደ ነውና በራሱ መመዘን ይገባዋል።

ታሪኩ የሚነሣው ከጦርነት ነው። አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ ድል ሆኖ ይማረካል፤ አንድ ቸር ነጋዴም ገንዘቡን ከፍሎ ከባርነት ያወጣዋል። ልጁ ዋሕድ የዚያን ነጋዴ ውለታ ለመመለስ ከቤቱ ይወጣና እርሱ ራሱ በተራው በባርነት ይወድቃል። ይህን ጊዜ መንትያ እኅቱ ጦቢያ ወንድሟን ለመፈለግ ከአባቷ ጋራ ትነሣለች። እንግዲህ የእመቤቲቱ ጥያቄ የመጀመሪያ መልስ በመንገዱ ላይ ይገኛል። ሽፍታና ባሪያ ፈንጋይ በሚያደባበት በረሃ ለአንዲት ልጃገረድ ውበቷ ስንቅ ሳይሆን ዕዳ ነው። ስለዚህ ሴትነቷን ደብቃ ተጓዘች።

ነገር ግን ሌላም መልስ አለ። ጦቢያ በወንድ ልብስ ሳለች ሰዎች ይሰሟታል። ክርስቲያን ካልሆነው ንጉሥ እጅ በምርኮ በወደቀች ጊዜ በአደባባይ ቁማ ትናገራለች፤ ብልኅነቷም ያስመሰግናታል። የንጉሡ ዘመድ የሆነች ልዕልት ሳትቀር ወንድ መስላት በፍቅሯ ትያዛለች። ያችው ጦቢያ በቀሚስ ሆና ይህንኑ ቃል ብትናገር ኖሮ ከአደባባዩ ማን ጆሮ ይሰጣት ነበር? ደራሲው ይህን ጥያቄ በግልጥ አይጠይቅም፤ ቢሆንም ታሪኩን ያነበበ ሁሉ ሳይጠይቀው አያልፍም።

በመጨረሻም ሴትነቷ ይገለጣል፤ የንጉሡም ልብ ወደ እርሷ ያዘነብላል። በመካከላቸው ግን የሃይማኖት ልዩነት እንደ ግንብ ቁሟል። እዚህ ላይ ነው አፈወርቅ ድፍረት ያሳየው። በታሪክ እንደምናውቀው፥ ሁለት ወገኖች በጋብቻ ሲገናኙ እምነቷን፥ ስሟንና ያባቷን ቤት ትታ የምትሄደው ብዙ ጊዜ ሴቲቱ ናት። በዚህ መጽሐፍ ግን ምርኮኛዪቱ ባለችበት ጸንታ ትቆማለች፤ ከስፍራው የሚነሣው ባለ ዙፋኑ ነው። ንጉሡ ከነሕዝቡ ክርስትናን ተቀብሎ ጦቢያን ያገባል፤ ልዕልቲቱም ለዋሕድ ትዳራለች። «ጦቢያ» ማለት ሕዝብ ኢትዮጵያን አሳጥሮ የሚጠራበት ስም ስለ ሆነ፥ ይህን ሠርግ የአገር ዕርቅ ምሳሌ አድርገው የሚተረጕሙት ብዙዎች ናቸው። መልካም ትርጓሜ ነው፤ ነገር ግን ጦቢያን አገር ብቻ አድርገን የተረጐምናት እንደ ሆነ ሴቲቱን እንዳናጣት እፈራለሁ።

የመጽሐፉ ዘመን ከእኛ ሽምግልና ጋራ የሚገናኝበት አንድ ነገር አለ። በዚያው በ1900 ዓመተ ምሕረት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ፥ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ የተከለከለ መሆኑን በዐዋጅ ነገሩ። ብረት የሚሠራው፥ ሸማ የሚሠራው፥ ብራና የሚጽፈው ሳይቀር በሙያው ይሰደብ ነበርና። ዐዋጁ ስድቡን ከአደባባይ ሊያርቅ ይችል ይሆናል፤ ከሠርግ ቤት ግን ማራቁ ከባድ ሆኖ ኖረ። ለባላገሩ ማረሻውን፥ ለወታደሩ ጦሩን የሚሠራለት ያው ቀጥቃጭ ሳለ፥ ቀን ሥራው ተፈልጎ ማታ «ቡዳ ነው፥ ዓይኑ ይበላል» ይባላል። የእጁ ዕውቀት ለወንጀሉ ማስረጃ ሆኖ ይቈጠርበታል ማለት ነው።

ይህም በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም። በልጅነቴ እንግሊዝኛ ስማር ካነበብኋቸው መጻሕፍት አንዱ ሰር ዋልተር ስኮት የደረሰውና እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1819 የታተመው «አይቫንሆ» ነው። ታሪኩ በእንግሊዝ አገር በንጉሥ ሪቻርድ ዘመን የሆነ ተደርጎ የተጻፈ ነው። በውስጡ ርብቃ የምትባል አንዲት አይሁዳዊት አለች፤ የሕክምናን ጥበብ የተማረች ናት። አይቫንሆ የተባለውን ፈረሰኛ በቈሰለ ጊዜ አስታምማ ታድነዋለች፤ ትወደዋለችም። ያ ያዳነችበት ጥበብ ግን ዞሮ ጠላት ይሆናታል፤ «ጠንቋይ ናት» ተብላ በእሳት እንድትቃጠል ለፍርድ ትቀርባለች። የቀጥቃጩ እጅና የርብቃ መድኃኒት አንድ ዕጣ ደረሳቸው።

ርብቃ ከእሳቱ ትድናለች፤ ፍቅሯን ግን አታገኝም። አይቫንሆ ሮዌና የተባለችውን የወገኑን ልጅ ያገባል። ርብቃም ሙሽራዪቱን ሄዳ ተሰናብታ፥ ጌጧንም ሰጥታ፥ ከአባቷ ጋራ ወደ እስፓንያ ትሰደዳለች። አንባቢዎች በዚህ እጅግ አዘኑ፤ ደራሲውንም ወቀሱት። እርሱ በ1830 በጻፈው መቅድም፥ የዚያ ዘመን ሰዎች አጉል ጥላቻ እንዲህ ያለውን ጋብቻ የማይቻል ያደርገው እንደ ነበር፥ ደግሞም የመልካም ሥራ ዋጋ ሁልጊዜ በዚህ ዓለም ደስታ መከፈል እንደማይገባው አስረዳ። እኔ በልጅነቴ በዚህ መልስ ተቈጥቼ ነበር። ዛሬም ግማሹን ብቻ እቀበለዋለሁ። የዘመኑን ክፋት ሳይሸፋፍን መጻፉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዋጋውን ሁሉ ያስከፈለው ርብቃን ብቻ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ከጦቢያ 58 ዓመት በኋላ፥ በ1958 ዓመተ ምሕረት፥ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል ለዘሯ የሚመጥን ባል ሲመረጥላት ሲመረጥላት የጋብቻዋ ጊዜ አለፈ። ሊያስተምራት የገባው የገበሬ ልጅ በዛብህ ልቧን ወሰደው። ምስጢሩ በታወቀ ጊዜም እርሱ ሸሸ፤ እርሷም የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ልትፈልገው ወጣች። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ በል። ጦቢያ የሃይማኖት ግንብ፥ ሰብለ ደግሞ የአጥንት ቈጠራ ግንብ ነበረባቸው፤ ከግንቡ ለመውጣት ግን ሁለቱም ከቀሚሳቸው መውጣት አስፈለጋቸው። አንዷ ወንድሟን ፍለጋ ሄዳ ዙፋንና ባል አገኘች። ሌላዪቱ ወዳጇን ፍለጋ ሄዳ ደረሰችበት፤ የደረሰችበት ግን ሽፍቶች አቍስለውት ሊሞት ሲል ነበረ። የአፈወርቅ ንጉሥ ሃይማኖቱን ለወጠ፤ የሐዲስ ፊታውራሪ ግን የዘር ቈጠራውን እንኳ መለወጥ አልቻለም። ከሁለቱ የኛን ቤት የሚመስለው የትኛው እንደ ሆነ እያንዳንዱ ባለቤት ያውቀዋል።

«ልብ ወለድስ ልብ የወለደው ነው፤ እውነተኛው ታሪክ ምን ይላል?» የሚል ቢኖር ንግሥት እሌኒን አመለክተዋለሁ። እሌኒ የሐድያ ገዥ የነበረው የገራድ መሐመድ ልጅ ስትሆን፥ ከእስላም ቤት ወጥታ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1434 እስከ 1468 ለነገሡት ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆነች። እርሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም ቢባል ስሕተት አይመስለኝም፤ የነገሥታት ጋብቻ የአገር ስምምነት ነውና። ልጅ ሆና የመጣችበት ቤተ መንግሥት ግን ኋላ በእርሷ ምክር ይመራ ጀመር። ዐፄ በእደ ማርያም እናታቸው ሞተውባቸው ነበርና እርሷን እንደ እናት አከበሯት። በ1508 ዐፄ ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳሉ በነገሡ ጊዜ የመንግሥቱን ሥራ የያዘችው እርሷ ናት። በ1509 ለፖርቱጋል ንጉሥ ለማኑኤል ደብዳቤ ጽፋ ማቴዎስ የሚባለውን አርመናዊ መልእክተኛ አድርጋ ላከች፤ እርሱም በ1514 ሊዝበን ደረሰ። በጎጃም የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠራችም እርሷ ናት።

እንግዲህ የዜና መዋዕል ጸሐፊ ይህን ሁሉ ይጽፋል። ባዕድ ሆና በገባችበት የመጀመሪያ ሌሊት ምን እንዳሰበች፥ የቤቱ ወይዛዝርት በምን ዓይን እንዳዩዋት፥ ባሏን ወድዳው እንደ ሆነ ግን አይጽፍም። እኔም ጽሕፈት ሥራዬ ስለ ሆነ አውቀዋለሁ፤ በመዝገብ የሚገባው ስም፥ ቀንና ማኅተም ነው። ልብ ወለድ ያስፈለገውም መዝገቡ ዝም ባለበት በዚያ ስፍራ ይመስለኛል።

አሁን ወደዚያ ማታ ልመለስ። ልጅቱ ንባቧን ቀጥላ፥ ሁለቱ ሠርግ ከሆኑበት ስፍራ ደርሳ መጽሐፉን ከደነች። ሁላችንም ደስ ብሎን ሳለ እመቤቲቱ ብቻ ሲኒያቸውን ይዘው ዝም አሉ። ቈይተውም፥

«ያች የንጉሡ ዘመድ የወደደችው ጦቢያን ነው። የሰጧት ግን ወንድሟን ነው። ጠየቋት?» አሉ።

«መንትዮች እኮ ናቸው፥ እምዬ፤ መልካቸው አንድ ነው» አለች ልጅቱ።

«የመልኩን አልጠየቅሁሽም» አሉና ሲኒውን አስቀመጡ። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብለው፥ «ልጄ፥ ያች የምትሏት ልጅስ? ይህ ሁሉ ሽማግሌ በእርሷ ነገር ሲመላለስ እርሷን ማን ጠየቃት?» አሉኝ።

እኔም ወላጆቿን እንጂ እርሷን እንዳልጠየቅን ተናገርሁ። ዕውነቱን ለመናገር፥ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩ ትዝም ብሎኝ አያውቅ ነበር።

«እኔም ፊቷን አላየሁት» አሉ እመቤቲቱ። «የአያቷን መዶሻ ብቻ ነው የነገራችሁኝ።»

ሰው ሁሉ ዝም አለ። ቡና የምታፈላው ሴት ሦስተኛውን ልትቀዳ ጀበናውን አነሣች። እመቤቲቱም «እንግዲያው ነገ እናንተ አትምጡብኝ፤ እርሷ ትምጣ» ብለው ሲኒያቸውን ለበረካው ዘረጉ።